የመጀመሪያውን የጌም ኮምፒውተር ስንገጣጥም፤ ገንዘባችንን የት እናውለው?

 

በዚህ እትም የትምህርት ገጻችን የምናነሳው ርዕስ ከአራት ወንድሞቻችን ጥያቄ የመጣ ነው። ሁለቱ ከላይ ጋይንት፣ አንዱ ከስማዳ፣ አንዱ ከእስቴ ናቸው። ከዓመት በላይ ከኪስ ገንዘባቸውና ከክረምት ሥራቸው እየቆጠቡ ያጠራቀሙት ብር አለ። ከምርቃት በኋላ ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው ጠንካራ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሊያስገቡ አስበዋል። ቀን የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ ያቀናብሩበታል፤ ማታ ወጣቶች በሰዓት እየከፈሉ ጌም ይጫወቱበታል። ወደ እኛ ሲመጡ የያዙት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «የትኛውን ግራፊክስ ካርድ እንግዛ?»

ጥያቄው መጥፎ አይደለም። እኛም ከሁለት ዓመት በፊት የጠየቅነው እሱኑ ነው። መልሱንም በትክክል አግኝተን ነበር። ኮምፒውተሩ ግን ዓመት ሳይሞላው ተቃጠለ። ስለዚህ ወደ ትምህርቱ ከመግባታችን በፊት የራሳችንን ስህተት እንንገራችሁ።

የእኛ ስህተት

ሦስት ሆነን አዋጥተን ነው የገዛነው። ግራፊክስ ካርዱ ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3070፣ ፕሮሰሰሩ 10ኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ7፣ ራሙ 16 ጊጋባይት ነበር። ኬዙ መስታወት ያለው፣ ቀለም እየቀያየረ የሚበራ ነው። ሻጩ «ከዚህ በላይ የለም» አለን፤ እኛም አመንን። ስለ ፓወር ሰፕላዩ ግን አንዳችንም አልጠየቅንም። ጎኑ ላይ በትልቁ «700 ዋት» የሚል ተለጥፎ ስላየን በቃን።

ቀላል ጌም ሲከፈት ምንም ችግር አልነበረውም። ከባድ ጌም ሲከፈት ግን በድንገት ይጠፋና ራሱን መልሶ ያስነሳል። ቫይረስ ነው ብለን ዊንዶውስ ሁለት ጊዜ ጫንን። ሙቀት ነው ብለን ኬዙን ከፍተን ሞከርን። ለክረምት ዕረፍት ንፋስ መውጫ ወስደነው ሳለ አንድ ምሽት መብራት ሄደ፤ መጣ፤ ደግሞ ሄደ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ከኬዙ ውስጥ የፍንዳታ ድምፅ ሰማን፤ የተቃጠለ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ፓወር ሰፕላዩ ማዘርቦርዱንም ይዞ ሄደ። አልሐምዱሊላህ፣ ግራፊክስ ካርዱ ተርፏል።

የተቃጠለውን ፓወር ሰፕላይ ፈትተን ከትልቁ ጽሑፍ በታች ያለችውን ትንሿን ሠንጠረዥ ያነበብነው ያን ጊዜ ነው። በ12 ቮልት መስመር 24 አምፒር ትላለች። 24 በ12 ሲባዛ 288 ዋት ይሆናል። ግራፊክስ ካርዱ ብቻውን እስከ 220 ዋት ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ ሙሉ ሥራ ላይ ሲሆን ከ100 ዋት በላይ ይወስዳል። ሁለቱ ተደምረው 320 ያልፋሉ፤ ሁለቱም በዋናነት የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። ያ መጥፋትና መነሳት ቫይረስ አልነበረም። ፓወር ሰፕላዩ «አልችልም» እያለን ነበር። ሠንጠረዧ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበረች፤ ያላነበብናት እኛ ነን።

ከዚህ የተማርነውና የዛሬው ትምህርት ሁሉ የሚያርፍበት ነጥብ ይህ ነው፦ ኮምፒውተር የሚሠራው በደካማው ክፍሉ ልክ ነው። ወፍጮ ቤት ሄዶ የሚያውቅ ይረዳዋል። ድንጋዩ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን እህል የሚያፈሰው ሰው ካልደረሰ ዱቄቱ አይፈጥንም፤ መብራቱ ከደከመም ድንጋዩ ራሱ ይቆማል። ስለዚህ «የትኛው ካርድ?» ከማለታችን በፊት «ደካማው ቦታችን የቱ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ይህን ጥያቄ ይዘን ክፍሎቹን በተራ እንመልከት።

1. መጀመሪያ ሞኒተሩ ይወሰን

ብዙ ሰው ሞኒተርን በመጨረሻ በተረፈው ገንዘብ ይገዛል። መወሰን ያለበት ግን መጀመሪያ ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ ምን ያህል እንደሚለፋ የሚወስነው ሞኒተሩ ስለሆነ።

ሒሳቡን እንሥራው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ነጥቦች አሉት። 2560 በ1440 የሆነው 3.7 ሚሊዮን ያህል፣ 3840 በ2160 የሆነው ደግሞ 8.3 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሉት። ካርዱ እነዚህን ነጥቦች ሁሉ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየደጋገመ መሳል አለበት። ስለዚህ ለትንሹ ስክሪን የሚተርፍ ካርድ ለትልቁ ላይበቃ ይችላል፤ አራት እጥፍ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ኸርዝ ነው። 60 ኸርዝ ሞኒተር በሰከንድ 60 ምስል ብቻ ያሳያል። ካርዱ በሰከንድ 140 ምስል ቢሠራም ዓይናችን የሚያየው ስልሳውን ነው። ውድ ካርድ ገዝቶ ከአሮጌ 60 ኸርዝ ሞኒተር ጋር ማገናኘት የካርዱን ዋጋ ግማሽ እንደ መጣል ነው።

ለአራቱ ወንድሞች የመከርነው 2560 በ1440፣ 144 ኸርዝ የሆነ ሞኒተር ነው። ለጌም ከመደበኛው የተሻለ ነው፤ ለቪዲዮ ማቀናበርም ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣል፤ ካርዱንም ከአቅሙ በላይ አያስጨንቀውም።

2. ግራፊክስ ካርድ

በጌም ኮምፒውተር ውስጥ ትልቁን ገንዘብ የሚወስደው ይህ ነው፤ ተገቢም ነው። ስንመርጥ ሦስት ነገሮችን እንይ።

የመጀመሪያው የካርዱ የራሱ ሜሞሪ ነው። 8 ጊጋባይት ያለው ካርድ ለቀድሞዎቹ ጌሞች ይበቃል፤ በ1440 ስክሪን አዳዲሶቹን ለመጫወት ግን እየጠበበ ነው። 12 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛው የሚወስደው ኃይል ነው። አርቲኤክስ 4060 115 ዋት፣ አርቲኤክስ 4070 200 ዋት፣ አርቲኤክስ 4090 ደግሞ 450 ዋት ይወስዳል። የኤኤምዲው አርኤክስ 7800 ኤክስቲ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ኖሮት 263 ዋት ይፈልጋል። ካርዱ በጨመረ ቁጥር ፓወር ሰፕላዩም፣ ዩፒኤሱም፣ የማቀዝቀዣውም ወጪ አብሮ ይጨምራል። የ4090 ዋጋ በካርዱ ላይ የተጻፈው ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው የምንሠራበት ሶፍትዌር ነው። ለጌም ብቻ ከሆነ ኤኤምዲም ኤንቪዲያም ይሠራሉ፤ በተመሳሳይ ዋጋ የተሻለውን መምረጥ ነው። ሆኖም በብሌንደር ባለ ሦስት ገጽታ ሥዕል የሚሠራ ወይም ማሽን ለርኒንግ የሚማር ተማሪ ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙት ኩዳ የኤንቪዲያ ብቻ መሆኑን ይወቅ።

ያገለገለ ካርድ ስለመግዛትም እንናገር። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2015 ዓ.ም በካርድ የሚደረገውን ማይኒንግ ሲተው በዓለም ዙሪያ ለወራት ያለ ዕረፍት ሲሠሩ የነበሩ ካርዶች ገበያ ላይ ወጥተዋል። ያገለገለ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ እኛም አንዱን እየተጠቀምን ነው። ነገር ግን ፋኑ ሳይንገጫገጭ መዞሩን፣ ውስጡ በዘይት አለመጨማለቁን፣ ብሎኖቹ አለመላጣቸውን ማየት ያስፈልጋል። ስሙ የተቀየረ አሮጌ ካርድም አለ። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ካርዱ በእርግጥ ምን እንደሆነ ያሳያል፤ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ።

3. ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ

ፕሮሰሰሩ ለካርዱ ሥራ የሚያቀብል ነው፤ በወፍጮ ቤቱ ምሳሌ እህል አፍሳሹ። ከካርዱ በጣም ከደከመ ካርዱ ቆሞ ይጠብቀዋል። ከካርዱ በጣም ከበለጠም ገንዘቡ ያለ ሥራ ይቀመጣል።

ለጌም ብቻ ከሆነ ኤኤምዲ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ የታወቀ ነው። ስምንት ኮርና በድምሩ 96 ሜጋባይት ካሽ አለው፤ ጌም ይህን ይወዳል። ራይዘን 5 7600 ስድስት ኮርና 32 ሜጋባይት ካሽ ይዞ በብዙ ያነሰ ዋጋ ይሸጣል። በ1440 ስክሪንና በመካከለኛ ካርድ ላይ የሁለቱ ልዩነት ብዙ ጊዜ አይታይም፤ እዚያ ላይ የሚጨናነቀው ካርዱ ነውና። ቪዲዮም የሚሠሩት ወንድሞቻችን ስምንት ኮር ያለውን ራይዘን 7 7700 ቢወስዱ ተስማምተናል።

አንድ ፊደል ላይ ግን ትኩረት እንስጥ። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ስም መጨረሻ ላይ «ኤፍ» ካለ፣ ለምሳሌ ኮር አይ5 13400ኤፍ፣ በውስጡ ግራፊክስ የለውም ማለት ነው። ዋጋው ትንሽ ይቀንሳል። ካርዱ የተበላሸ ቀን ግን ሞኒተሩ ጨለማ ይሆናል። አዲስ አበባ ላለ ሰው ይህ የአንድ ቀን ችግር ነው፤ ንፋስ መውጫ ላለ ሰው ካርዱ ተልኮ እስኪመለስ የሳምንታት ሥራ ማቆም ነው። «ኤፍ» የሌለባቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮችና የራይዘን 7000 ተከታታይ አብዛኞቹ አነስተኛ ግራፊክስ በውስጣቸው አላቸው። ጌም ባያጫውቱም የደንበኛን ሥራ ለማስረከብ ይበቃሉ።

ማዘርቦርዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገጥም መሆን አለበት። ራይዘን 5000 ኤኤም4 ሶኬትና ዲዲአር4 ራም ይወስዳል። ራይዘን 7000 ደግሞ ኤኤም5 ሶኬትና ዲዲአር5 ራም ብቻ ይወስዳል። የኢንቴል 12ኛ፣ 13ኛና 14ኛ ትውልድ ግን እንደ ማዘርቦርዱ በሁለቱም ራም ይሠራል፤ በአንድ ቦርድ ላይ ሁለቱን ማቀላቀል ግን አይቻልም። ከተለያየ ሱቅ የሚገዛ ሰው ከሁሉ በላይ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሙሉ ስማቸውን ጽፋችሁ እርስ በርስ ሳታመሳክሩ ገንዘብ አትክፈሉ።

4. ራምና ማከማቻ

ራም ላይ ብዙ አንቆይም። ለጌም 16 ጊጋባይት መነሻ ነው፤ ቪዲዮ ለሚሠራ 32 ይመረጣል። አንድ ባለ 32 ከመግዛት ሁለት ባለ 16 መግዛት ይሻላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ መንገዱ በእጥፍ ይሰፋል።

ማከማቻው ላይ ግን ለጋይንት ልጆች ልዩ መልእክት አለን። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። የተለመደው ሃርድ ዲስክ ውስጥ አንባቢው ጫፍ በሚሽከረከረው ሳህን ላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ንብርብር ነው። አየሩ ሲሳሳ ጫፉ ወደ ሳህኑ ይቀርባል። በዚህ ምክንያት የብዙ ሃርድ ዲስኮች መግለጫ ሥራ ላይ ሆነው የሚችሉት ከፍታ 3048 ሜትር ነው ይላል። እዚያ ከተማ ውስጥ ሃርድ ዲስክ የሚሠራው አምራቹ ያስቀመጠው ገደብ ጠርዝ ላይ ነው። ወዲያው ይበላሻል ማለት አይደለም። ነገር ግን የሰው ሠርግ ቪዲዮ አንድ ቅጂ ብቻ እዚያ ላይ ማስቀመጥ አደራ መብላት ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ይህ አያሰጋውም። በማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ባለ 1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ መነሻ ይሁን፤ የደንበኛ ሥራ ደግሞ ሁልጊዜ በሁለት ቦታ ይቀመጥ።

መጠኑም ይታሰብበት። ዛሬ አንድ ትልቅ ጌም 100 ጊጋባይት ቢሆን አይገርምም። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚጓዝ ኢንተርኔት 100 ጊጋባይት ለማውረድ 22 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ያውም ሳይቋረጥ። ጌሙን ኔትወርክ ጥሩ በሆነበት ቦታ አውርዶ በውጭ ኤስኤስዲ ይዞ መሄድ ይሻላል።

5. ፓወር ሰፕላይና መብራት

እኛ የወደቅንበት ቦታ ይህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

መጀመሪያ ፍላጎታችንን እንደምር። አርቲኤክስ 4070 200 ዋት፣ ራይዘን 7 7700 ሙሉ ሥራ ላይ 90 ገደማ፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲና ፋኖች ተደምረው 70 ገደማ፤ ድምሩ 360 ዋት ይሆናል። ካርዶች ለአፍታ ከተጻፈው በላይ ስለሚስቡ ሰፋ ያለ ትርፍ ያስፈልጋል። ኤንቪዲያም ለዚህ ካርድ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል።

ቀጥሎ ትንሿን ሠንጠረዥ እናንብብ። የ12 ቮልቱን አምፒር በ12 አባዙት። እውነተኛ 650 ዋት የሆነ ፓወር ሰፕላይ በዚህ መስመር 54 አምፒር አካባቢ ይሰጣል፤ ሲባዛ 648 ይመጣል። ውጤቱ በትልቁ ከተጻፈው ቁጥር ጋር የማይቀራረብ ከሆነ ዕቃውን ለሻጩ መልሱለት።

ሦስተኛ፣ የመብራት መቀበያውን ቁጥር እዩ። «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ የመብራት ዝቅታን ይሸከማል። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለበት ከሆነ የድሮ ዓይነት ነው። ያ ማብሪያ 115 ላይ ሳለ በአገራችን 220 ቮልት ላይ ከተሰካ በአንድ አፍታ ይቃጠላል።

አራተኛ፣ «80 ፕላስ» የሚለውን ምልክት ፈልጉ። ከግድግዳው የተቀበለውን መብራት ምን ያህሉን ለኮምፒውተሩ እንደሚያደርስ የሚነግር ደረጃ ነው። 90 በመቶ የሚያደርስ ፓወር ሰፕላይ 360 ዋት ለመስጠት 400 ዋት ይስባል። 75 በመቶ የሚያደርስ ግን 480 ዋት ይስባል፤ ትርፉ 80 ዋት ሙቀት ሆኖ ኬዙ ውስጥ ይቀራል፤ በቆጣሪውም ይከፈልበታል። ባለ 400 ዋቱ በቀን አምስት ሰዓት ቢሠራ በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ይህን በክፍሉ የገቢ ሒሳብ ውስጥ አስገቡት።

ከፓወር ሰፕላዩ ውጭ ያለው መብራትም የኮምፒውተሩ አካል ነው። በእኛ ቤት የገደለን መብራቱ መሄዱ ብቻ አይደለም፤ ተመልሶ የመጣበት አኳኋን ነው። ስለዚህ ዩፒኤስ ይኑር። ዩፒኤስ ላይ የሚጻፈው ቪኤ ዋት አይደለም፤ 650 ቪኤ የተባለው ብዙ ጊዜ 400 ዋት እንኳ አይሞላም። ለዚህ ኮምፒውተርና ለሞኒተሩ ከ1000 ቪኤ በላይ ያስፈልጋል። የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሥራን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት እንጂ ጌሙን ለመጨረስ አይደለም። ዩፒኤስ እስክንገዛ ድረስ ደግሞ አንድ ልማድ እንያዝ፦ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን መንቀል፣ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ታግሶ መሰካት። ይህ ምንም ብር አያስወጣም። በዚያች ምሽት ይህን አድርገን ቢሆን ማዘርቦርዳችን ዛሬም በሠራ ነበር ብለን እናስባለን።

ኬዙን በባዶ እጅ ስትነኩ የሚነዝር ከሆነም ቤቱ ኤርዝ የለውም ማለት ሊሆን ይችላል። የክፍሉን ኪራይ ከመዋዋላችሁ በፊት ኤሌክትሪሽያን ያሳዩት። ኮምፒውተሩን፣ ምድጃውንና ካውያውን በአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካትም ይቅር።

6. ኬዙም ንፋስ መግቢያና ንፋስ መውጫ አለው

የከተማችን ስም ለዚህ ክፍል ተስማሚ ነው። ጥሩ ኬዝ ቀዝቃዛ አየር ከፊት የሚያስገባ፣ ትኩሱን ከኋላና ከላይ የሚያስወጣ ነው። ፊቱ በመስታወት የተደፈነ ኬዝ ያምራል፤ ትንፋሽ ግን ያጥረዋል። ፊቱ ወንፊት የሆነውን ምረጡ፤ ሁለት አስገቢ፣ አንድ አስወጪ ፋን መነሻ ይበቃል። ፋን ስትገጥሙ አየሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ እዩ፤ ሁሉም ወደ ውስጥ ወይም ሁሉም ወደ ውጭ ከሆነ ልፋታቸው ይቀንሳል።

በ3000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም ሙቀት የሚሸከምለት አየር ያነሰ ነው። ደግነቱ የጋይንት አየር ቀዝቃዛ ነው፤ አንዱ የወሰደውን ሌላው ይመልሳል። ትልቁ ጠላት የበጋው አቧራ ነው። ኮምፒውተሩ መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ወንፊቱም በየሁለት ሳምንቱ ይጽዳ።

7. ገንዘቡ ሲከፋፈል

ዋጋ ብንጽፍ ይህ ጽሑፍ እጃችሁ እስኪገባ ይለወጣል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሬን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆኗል። እነዚህ ዕቃዎች ሁሉ ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ስለዚህ ከዋጋ ይልቅ ድርሻ እንያዝ።

ለኬዙና በውስጡ ላሉት ክፍሎች 100 ብር አለን ብንል፣ 40 ለግራፊክስ ካርድ፣ 15 ለፕሮሰሰር፣ 12 ለማዘርቦርድ፣ 10 ለፓወር ሰፕላይ፣ 8 ለራም፣ 8 ለኤስኤስዲ፣ 7 ለኬዝና ለማቀዝቀዣ ይሁን። ሞኒተር፣ ዩፒኤስ፣ ኪቦርድና ማውስ ከዚህ ውጭ ተለይተው ይያዙ። ይህ የእኛ ምክር እንጂ ሕግ አይደለም፤ የአንዱ ዋጋ ሲንር ድርሻዎቹ ይለዋወጣሉ። ገንዘቡ ካልበቃ ግን ከካርዱ አንድ ደረጃ ውረዱ፤ ከፓወር ሰፕላዩ አትቀንሱ። ካርድ በኋላ ሊቀየር ይችላል። መጥፎ ፓወር ሰፕላይ ግን ቀሪውን ይዞ ይሄዳል።

8. ስንገዛና ስናጓጉዝ

መርካቶም ሆነ መገናኛ፣ ባሕር ዳርም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ከመክፈላችን በፊት ሱቁ ውስጥ እናስነሳው። ከባድ ጌም ወይም ፈርማርክ የተባለውን መፈተኛ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ እናሠራው። የእኛ ኮምፒውተር በዚህ ፈተና አምስት ደቂቃ አይቆይም ነበር። ሻጩ «ጊዜ የለኝም» ካለ እኛም ገንዘብ የለንም። የሞኒተሩ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካቱን እዩ፤ በዚህ ስህተት ካርዳቸውን ለወራት ሳይጠቀሙበት የቆዩ አሉ።

ደረሰኝ ተቀበሉ። ዋስትናው ስንት ወር እንደሆነና የትኞቹን ክፍሎች እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይስፈር። እኛ ወደ ሻጩ ስንመለስ በእጃችን አንዲት ወረቀት አልነበረችም፤ ባዶ እጃችንን ተመልሰናል። አራቱ ወንድሞችም እርስ በርስ ማን ምን ያህል እንዳዋጣ፣ ቢበላሽ ወጪው እንዴት እንደሚከፈል፣ አንዱ ቢወጣ ምን እንደሚደረግ ይጻፉ። የጋራ ገንዘብ አማና ነው፤ ወዳጅነትንም የሚያቆየው ግልጽነት ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ንፋስ መውጫ በወረታና በደብረ ታቦርም ተጓዙ በወልድያና በጋሸና፣ መንገዱ ረጅም ነው። ግራፊክስ ካርዱን ከቦታው ነቅላችሁ በካርቶኑ ለብቻው ያዙ። ከባድ ካርድ ተሰክቶ ሲንገጫገጭ የማዘርቦርዱን ማስገቢያ ይሰብራል።

ጌም ብቻ ነውን?

አንዳንድ እህትና ወንድሞች «ይህ ሁሉ ለጨዋታ?» እንደሚሉን እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሰዓቱን ያላወቀበትን ሰው ጌም ሶላቱንም ትምህርቱንም ያስረሳዋል። ለዚህ ነው ወንድሞቻችን ቀኑን ለቪዲዮ ሥራ የመደቡት፤ ማታም የመዝጊያ ሰዓት ወስነው በሩ ላይ ሊለጥፉ የተስማሙት። ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ጌም የሚሠራም ነው። በአገራችን ቀኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለውን የዶሮ ሩጫ ጌም ሠርቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። በብሌንደር የሚጀምር የጋይንት ልጅ መሣሪያው ይህ ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

ሀ. አንድ ፓወር ሰፕላይ «600 ዋት» ተብሎ በ12 ቮልት መስመር 30 አምፒር ቢል፣ በዚህ መስመር እውነተኛ አቅሙ ስንት ነው? አርቲኤክስ 4070ን እና ራይዘን 7 7700ን አብሮ በእርጋታ ይሸከማል?

ለ. ከ2560 በ1440 ወደ 3840 በ2160 ስክሪን ብንቀይር የነጥቦቹ ብዛት በስንት እጥፍ ይጨምራል?

ሐ. ራይዘን 7 7700 እና ዲዲአር4 ራም የገዛ ሰው ምን ስህተት ሠርቷል?

መ. በእናንተ ቤት፣ በእናንተ ከተማ፣ የኮምፒውተራችሁ ደካማ ቦታ የቱ ነው?

የ«መ»ን መልስ ጻፉልን። አራቱ ወንድሞች የእነሱን በአንድ ገጽ ጽፈው ሰጥተውናል፤ ከገጹ አናት የተጻፈው «መብራት» የሚል ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ አምስተኛ ተራ ላይ ወርዷል። ገዝተው ሲገጣጥሙ ያጋጠማቸውን ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እትም እናካፍላችኋለን።